ምንም አትፍሪ የተባለች መርከብ

 

ዛሬ ወደ ስቱዲዮ የገባሁት ጊታር ይዤ ነው። የእኔ አይደለም፤ ከእህቴ ልጅ ተውሼ ነው ያመጣሁት። እስቲ አንዴ ልምታው።

(የጊታር ድምፅ)

ሰማችሁት? ወፈር፣ ሞላ ያለ ድምፅ ነው። ሆዱ ሰፊ ነው፣ ትከሻው ደልዳላ ነው፣ ወገቡም እንደሌሎቹ ጊታሮች ብዙ አልገባም። ባለ ሽቦ ክር ጊታር አይታችሁ ከሆነ ያያችሁት ይህንኑ ቅርፅ ሳይሆን አይቀርም። ስሙ ድሬድኖት ይባላል። የእህቴን ልጅ “ድሬድኖት ምን ማለት ነው?” ብላት “የጊታሩ ዓይነት ነዋ!” አለችኝ። ልክ ናት። ነገር ግን ቃሉ ጊታሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት በብረት የተለበጠና ግዙፍ መድፍ የተሸከመ የጦር መርከብ ስም ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የብርድ ካፖርት ስም ነበር። ከዚያም በፊት የእንጨት መርከብ። የዛሬው ዝግጅታችን የዚህን ቃል መንገድ ይከተላል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ወረቀትና እስክሪብቶ በእጃችሁ ካለ ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፦ ድሬድ፣ ኖት። ኖት ስላልኩ የብር ኖት ወይም የሙዚቃ ኖታ እንዳይመስላችሁ፤ ይህኛው ሌላ ነው። ድሬድ በእንግሊዝኛ መፍራት ነው፤ ያውም ተራ ፍርሃት ሳይሆን ጉልበት የሚያብረከርክ ፍርሃት። ኖት ደግሞ “ምንም” ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ “አይ” የሚል ማፍረሻና “ነገር” የሚል ስም ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው፤ እንግሊዞች ዜሮ ቁጥርንም በዚሁ ይጠሩታል። ሁለቱን ስታገጥሟቸው “ምንም አትፍራ” የሚል ትእዛዝ ይወጣችኋል። ለመርከብ ሲሆን፣ መርከብን እንግሊዙም እኛም እንደ ሴት ስለምንጠራት፣ “ምንም አትፍሪ” እንበላት።

ለእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አወጣጥ አይደለም። በመጀመሪያ አማርኛ ራሱ አይበገሬ፣ አይነኬ፣ አይደፈሬ እያለ ቃል የሚሠራበት መንገድ አለው፤ በዚያው መንገድ ድሬድኖትን አይፈሬ ብንለው ማንም ይረዳናል። ከዚያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፈረስ ስማችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ይባሉ ነበር። “ታጠቅ” ትእዛዝ ነው። “በዝብዝ”ም ትእዛዝ ነው። ፈረሱ ላይ የወጣው ስም ለጌታው የሚነገር፣ በጠላት ጆሮም እንዲደርስ የሚፈለግ ቃል ነበር። እንግሊዞችም ለመርከባቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ በትእዛዝ አንቀጽ የተነገረ ፉከራ።

ስሙን የያዘችው የመጀመሪያዋ ታዋቂ መርከብ በ1573 በለንደን አጠገብ ዴትፎርድ ላይ ተሠራች፤ ዘመኑ የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ነው። በ1588 የስፔን ታላቅ የባሕር ጦር ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ሊቋቋሙት ከወጡት መርከቦች አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ አንዷ ስታረጅ ስሙ ለሌላዋ እየተላለፈ ኖረ። በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋችው ድሬድኖት 98 መድፍ የያዘች የእንጨት መርከብ ነበረች። እኔ የዚህችኛዋን መጨረሻ እወደዋለሁ። ለጦርነት የማታገለግልበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ በ1831 ግሪኒች አጠገብ ቴምዝ ወንዝ ላይ አሰሯትና የመርከበኞች ሆስፒታል አደረጓት። ከየአገሩ የመጣ፣ በሰው አገር የታመመ መርከበኛ እየተደገፈ መሰላሏን ወጥቶ “ምንም አትፍራ” በሚል ስም ሥር ይተኛ ነበር። መርከቧ በ1857 ፈረሰች፤ ሆስፒታሉ በኋላ ወደ የብስ ሲዛወር ግን ስሙን ይዞ ሄደ።

በዚያው ዘመን መርከበኞች በዝናብና በብርድ የሚደርቡት ወፍራም የሱፍ ካፖርትም ድሬድኖት ይባል ነበር። የደጋ ሰው በርኖሱን ደርቦ ውርጩን እንደሚንቀው ማለት ነው።

አሁን ስለ ትልልቆቹ የጦር መርከቦች አጠራር ትንሽ ላስረዳ። በዚህ ነገር አማርኛችን ቆጣቢ ነው። ትንሹንም ትልቁንም “የጦር መርከብ” ብለን እናልፈዋለን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ከጅቡቲ የወጡባት ኢንተርፕራይዝ የጦር መርከብ ናት። በ1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ ያገኙባት ኩዊንሲም የጦር መርከብ ናት። የባሕር ኃይል ሰው ብትጠይቁ ግን የመጀመሪያዋ ቀላል ክሩዘር፣ ሁለተኛዋ ከባድ ክሩዘር ናት ይላችኋል፤ ሁለቱም ከትልቆቹ ተርታ አይገቡም። የትልቆቹ ተርታ የሚባለው ምንድን ነው?

ይህን የሚፈታልን “ሰልፍ” የሚለው ቃል ነው። ዛሬ ሰልፍ ስንል ዳቦ ቤት በር ላይ ወይም ታክሲ መያዣው ላይ የምንቆመው ነው። በድሮ መጻሕፍትና በመጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ሰልፍ ማለት ውጊያ፣ የውጊያ አሰላለፍ ነው። በእንጨት መርከብ ዘመን መድፎች የሚደረደሩት በመርከቢቱ ግራና ቀኝ ጎን ነበር። ከፊት ለፊት የሚተኩስ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መርከቦቹ አንዷ የሌላዋን ኋላ እየተከተለች በአንድ መሥመር ይሰለፉና ጎናቸውን ለጠላት ሰጥተው በአንድነት ይተኩሳሉ። በዚያ መሥመር ውስጥ ደካማ መርከብ ከገባች ሰልፉ በእሷ በኩል ይፈርሳል። እናም ሰልፉን ችላ የምትቆም፣ የምትመታ፣ ተመትታም የማትናወጥ መርከብ “የሰልፍ መሥመር መርከብ” ተባለች። እንግሊዞቹ ይህን ረጅም ስም እያሳጠሩ “ባትልሺፕ” አደረጉት። ጀርመኖች ደግሞ “መሥመር” የሚለውን አስቀርተው “የመሥመር መርከብ” ይሏት ነበር። አንዱ ሕዝብ ከአንድ ሐረግ ሰልፉን፣ ሌላው መሥመሩን ይዞ ቀረ።

ፈረንሳዮች፣ ጣሊያኖችና ፖርቱጋሎች በሌላ መንገድ ሄዱ፤ እነሱ ከልብሷ ነው የሰየሟት። በሦስቱም ቋንቋ የትልቋ የጦር መርከብ ስም የሚመጣው ወታደር ደረቱ ላይ ከሚያስረው የብረት መከላከያ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጥሩር የምንለው። ጥሩር የለበሰች ማለታቸው ነው። የዚያ ዘመን ሩሲያኛውም “ጥሩር ተሸካሚ” ነበር። ይህ ልብስ የመጣው ከመከራ በኋላ ነው። በኅዳር 1853 በጥቁር ባሕር ሲኖፕ ወደብ ላይ የሩሲያ መርከቦች በውስጡ ፈንጂ ባለው የመድፍ ጥይት የቱርክን የእንጨት መርከቦች አነደዷቸው። ቀድሞ የነበረው ድፍን ብረት እንጨቱን በስቶ ያልፋል፤ ቀዳዳውን አናጢ ይደፍነዋል። ፈንጂው ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል፣ ያነዳል። ፈረንሳዮች ይህን አይተው በ1859 ግሏር የተባለችውን በብረት የተለበጠች የእንጨት መርከብ ወደ ውኃ አወረዱ። እንግሊዞች በዓመቱ ዋሪየርን አስከተሉ፤ እሷ ከነአካሏ ብረት ናት። በጎኗ 11 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ብረት፣ ከብረቱ ጀርባ ደግሞ ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ጠንካራ የቲክ እንጨት ነበራት። ዛሬም ፖርትስማውዝ ወደብ ላይ ቆማ ትጎበኛለች።

የእነዚህ መርከቦች የእንግሊዝኛ ስማቸው ቃል በቃል “ብረት ለበስ” ነው። አዎን፣ እኛ ለተሽከርካሪ የምንጠቀምበት ቃል። ምድር ላይ የሚሄደው ብረት ለበስ ከባሕሩ ጋር ዝምድና አለው፤ በ1915 በእንግሊዝ የመጀመሪያውን ታንክ ለመሥራት የተቋቋመው ኮሚቴ የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ነበር፤ ስሙም የምድር መርከቦች ኮሚቴ ነበር።

አሁን ወደ ዋናዋ መርከብ መጣን። ግንቦት 1905 ነው። በጃፓንና በኮሪያ መካከል ባለው በቱሺማ ወሽመጥ የጃፓኑ አድሚራል ቶጎ የሩሲያን የባሕር ጦር ሰባበረው። ውጊያው ስድስት ሺህ ሜትር ገደማ ካለው ርቀት ተጀመረ። የዚያ ዘመን ትልልቅ መርከብ ከየዓይነቱ መድፍ ይጭን ነበር፤ አራት ትልልቅ፣ ብዙ መካከለኛ፣ ብዙ ትንንሽ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እስቲ ራሳችሁን በምሰሶው ጫፍ ላይ በቆመው መኮንን ቦታ አድርጉ። መነጽር ይዛችኋል። ሥራችሁ የራሳችሁ ጥይት የት እንደወደቀ ማየት ነው። ጥይቱ ውኃው ላይ ሲያርፍ ነጭ የውኃ ዓምድ ይነሣል፤ ዓምዱ ከጠላት መርከብ ወዲህ ከሆነ አርዝሙ፣ ወዲያ ከሆነ አሳጥሩ ትላላችሁ። ነገር ግን ዓምዱ ብዙ ነው። ይህ የትልቁ መድፍ ነው ወይስ የመካከለኛው? የትኛውን ላርም? እያላችሁ ሳትወስኑ ሌላው ዓምድ ይነሣል። መድፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑስ? ያን ጊዜ አንድ ላይ ይተኮሳል፣ አንድ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ላይ ይታረማል።

ይህን ሐሳብ ጣሊያናዊው የመርከብ መሐንዲስ ቪቶሪዮ ኩኒበርቲ በ1903 ጽፎት ነበር። ጃፓንና አሜሪካም በዚያው አቅጣጫ እያሰቡ ነበር። ቀድሞ የጨረሰው ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ ጆን ፊሸር ነው። ፊሸር በ1841 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ተወልዶ በ13 ዓመቱ ባሕር ኃይል የገባ ሰው ነው። በ1904 የበላይ አዛዥ ሲሆን ብዙ አሮጌ መርከቦችን ከአገልግሎት አስወጣ። የአዲሷን መርከብ ግንባታ በፖርትስማውዝ በጥቅምት 1905 መጀመሪያ አስጀመረ። ለማፍጠን ብሎ ለሌሎች ሁለት መርከቦች ታዘው የነበሩትን ትልልቅ መድፎች ለዚህችኛዋ አዞረ። ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በየካቲት 10 ቀን 1906 ለምርቃት መጡ። እንደ ባሕሉ የወይን ጠርሙስ በመርከቢቱ ግንባር ላይ ሲመታ ጠርሙሱ አልሰበርም ብሎ ደጋግሞ መምታት አስፈለገ። ግንባታው በተጀመረ በዓመቱ በጥቅምት 1906 መርከቢቱ ለሙከራ ወደ ባሕር ወጣች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መርከብ ለመጨረስ በርካታ ዓመት ይፈጅ ስለነበር ዓለም ተገረመ።

ርዝመቷ 160 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ በሉት። ክብደቷ ከ18,000 ቶን በላይ። አሥር ትልልቅ መድፎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በአምስት ተሽከርካሪ ማማዎች ላይ ተተከሉ፤ የእያንዳንዱ መድፍ አፍ ስፋት 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ የአንዱ ጥይት ክብደት ወደ አራት ኩንታል ይጠጋል። ጎኗን የሸፈነው ብረት በወፍራሙ ቦታ 28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዋሪየር ከለበሰችው እጥፍ በላይ። ሞተሯ ደግሞ ቻርልስ ፓርሰንስ የፈለሰፈው የእንፋሎት ተርባይን ነበር። በቀድሞው ሞተር የብረት ክንዶች ወደ ላይና ወደ ታች እየተወረወሩ ክፍሉን ያናውጡታል፤ ዘይትና ውኃ እየተረጨ ሠራተኛውን ያጠምቀዋል። ተርባይን ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ይህች መርከብ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ነበር፤ በዚያ ግዝፈት ላይ ቀድሞ ያልታየ ፍጥነት።

ስሟን ድሬድኖት አሏት። ፊሸር ስሙን ይወደው ነበርና በ1909 የባሮንነት ማዕረግ ሲሰጠው የቤቱ መፈክር አድርጎ የያዘው እግዚአብሔርን ፍራ፣ ሌላ ምንም አትፍራ የሚል ሐሳብ ነው፤ በእንግሊዝኛው የመርከቢቱ ስም መፈክሩ ውስጥ ቃል በቃል አለበት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው በቃል ታሪክ ውስጥ እጅግ የምደነቅበት። የአንዲት መርከብ መጠሪያ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ጀርመን የሠራችውም ድሬድኖት ተባለ፣ አሜሪካ የሠራችውም፣ ብራዚል ያዘዘችውም። መድፉ ሲያድግ “ልዕለ ድሬድኖት” መጣ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ከእሷ በፊት የተሠሩት ሁሉ፣ የቶጎን መርከብ ሚካሳን ጨምሮ፣ “ቅድመ ድሬድኖት” ተባሉ። ትናንት የዓለም ኩራት የነበሩ መርከቦች በአንድ ሌሊት ስማቸው ላይ “ቅድመ” ተጨምሮ አረጁ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሆኗል፦ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በመጋቢት 1862፣ በሃምፕተን ሮድስ የተዋጋችው ሞኒተር የተባለች ባለ አንድ ማማ ብረት ለበስ ስሟን ለመሰሎቿ ሁሉ አውርሳለች። ዓመታትን በፊትና በኋላ ብላ የከፈለችው ግን ድሬድኖት ናት።

ነገሩ ለእንግሊዝ ራሷ ጣጣ አመጣ። እስከዚያ ድረስ በመርከብ ብዛት የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ግን ያ ሁሉ ብዛት “ቅድመ” ሆነ፤ ውድድሩ ከአንድ ቁጥር ተጀመረ። ጀርመን በ1907 የራሷን መሥራት ጀመረች። በ1909 በለንደን መንግሥት አራት እንሥራ ሲል፣ ባሕር ኃይሉ ስድስት አለ፤ ሕዝቡ በየአደባባዩ ስምንት እያለ ጮኸ፤ በመጨረሻም ስምንት ተሠራ። ለድሆች ጡረታ ገንዘብ በሚፈለግበት ዓመት ነው ይህ የሆነው።

አሁን አንድ ዓመት ላይ ቆም ልበል፤ 1910 ላይ። በዚያ ዓመት ድሬድኖት የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ከጥቁር ሕዝብ ጋር ተገናኝቷል። የመጀመሪያው ከእኛ ጋር ነው።

የካቲት 7 ቀን ነው፤ በእኛ ጥር 30 ቀን 1902 ዓመተ ምሕረት። ዌይመዝ በተባለ የእንግሊዝ ባሕር ዳር ለቆመችው ድሬድኖት የአቢሲኒያ ልዑላን ሊጎበኟት እየመጡ ነው የሚል ቴሌግራም ደረሰ። መኮንኖቹ ቀይ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሰልፈኛ አቆሙ። እንግዶቹ ግን ልዑላን አልነበሩም። ሆራስ ዴ ቬር ኮል በሚባል ሰው የተመሩ፣ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ፣ የውሸት ጢም የለጠፉ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ ወጣት እንግሊዞች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ በሚል ስም ታላቅ ደራሲ የሆነችው ወጣት ናት። አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ወንድሟ ትምህርት ቤት በቃሉ ያጠናውን የላቲንና የግሪክ ግጥም እየቆራረጠ “ቋንቋችን” አድርጎ ያነበንብ ነበር። በባሕር ኃይሉ ዘንድ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ስላልተገኘ የዛንዚባር ተሰቀለ፤ መዝሙሩም የዛንዚባር ሆነ። እንግዶቹ ቀለማቸውና ጢማቸው እንዳይለቅ ምግብ አንበላም አሉ። ያቺን በዓለም ምስጢሯ የተጠበቀ መርከብ ዞረው አይተው ተመለሱ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አገር ሳቀ፤ “ቡንጋ ቡንጋ” የሚል ትርጉም የለሽ ጩኸት የእኛ አነጋገር ነው ተብሎ በየመንገዱ ለመኮንኖቹ መሳለቂያ ሆነ።

መጻሕፍት ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ፣ በእብሪተኛ ባሕር ኃይል ላይ እንደተሠራ ጨዋታ ይተርኩታል። እኔ ባነበብኩት ቁጥር የሚሰማኝ ሌላ ነው። ዓድዋ ገና 14 ዓመቱ ነው። ራስ መኮንን በ1902 ለዚያው ለንጉሥ ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ለንደን ድረስ ሄደው በክብር ተቀምጠዋል። የእውነተኞቹ መልእክተኞች መልክ፣ ልብስና ቋንቋ ታይቶ ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቀለምና ጥምጥም እነሱን ሊተካ መቻሉ ያመኛል። በመርከቧ ላይ የነበሩ መኮንኖች ከአራት ኩንታል ጥይት ጋር የሚሠሩ፣ የእያንዳንዱን አገር መርከብ በሩቅ የሚለዩ ሰዎች ነበሩ። የእኛን ሰንደቅ ዓላማ ግን አያውቁትም። በዚያ ወር ዐፄ ምኒልክ በጠና ታመው አዲስ አበባ ተኝተው ነበር።

ሁለተኛው የሆነው በኅዳር ወር በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። ብራዚል እንግሊዝ አገር አሠርታ በዚያው ዓመት የተረከበቻት ሚናስ ዠራይስ የተባለች ድሬድኖት ነበረቻት፤ አሥራ ሁለት ትልልቅ መድፍ የያዘች፣ በጊዜው ከዓለም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዷ። ተራ መርከበኞቿ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ክልሶች፣ የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ብራዚል ባርነትን የከለከለችው በ1888 ነው፤ ጅራፉ ግን መርከቡ ላይ ቀርቶ ነበር። አንድ መርከበኛ ጓደኞቹ ተሰልፈው እያዩ 250 ጊዜ ተገረፈ። ኅዳር 22 ማታ መርከበኞቹ ተነሡ። መሪያቸው ዦአው ካንዲዶ የሚባል ጥቁር መርከበኛ ነበር። ሳው ፓውሉ የተባለችውን ሁለተኛዋን ድሬድኖትም ያዙ፤ መድፎቹን ወደ ዋና ከተማዋ አዞሩ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ግርፋት ይቅር። መኮንኖቻቸው ያለ ችግር የማያንቀሳቅሷቸውን እነዚያን ግዙፍ መርከቦች እነሱ በሥርዓት ነድተው በወደቡ ሲያዞሯቸው ከተማው በአድናቆት ያይ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ ምክር ቤቱ ምሕረት ሰጠ፤ ግርፋቱም እንደሚቀር ቃል ተገባላቸው።

ቃሉ ግን አልጸናም። ብዙዎቹ ተባረሩ፣ ታሰሩ። ካንዲዶ ከሌሎች ጋር በአንድ ደሴት ላይ ባለ ጠባብ ክፍል ተጣለ፤ በክፍሉ ከነበሩት 18 ሰዎች 16ቱ ታፍነው ሞቱ። እሱ ተረፈ፤ በ1912 ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው፤ ዕድሜ ሰጥቶት እስከ 1969 ኖረ። ስለ “ምንም አትፍራ” ስናገር እኔ የማስበው ስለ እሱ ነው።

የፊሸር ድሬድኖት ራሷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አልሠራችም። የዘመኑ ታላቅ የባሕር ውጊያ፣ ጁትላንድ፣ በ1916 ግንቦት መጨረሻ ሲሆን እሷ ለጥገና ገብታ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በመጋቢት 18 ቀን 1915 ከስኮትላንድ በስተሰሜን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ብቅ ሲል በግንባሯ ሄዳበት ሰነጠቀችው። አዛዡ ኦቶ ቬዲገን ነበር፤ ከስድስት ወር በፊት በአንድ ጠዋት ሦስት የእንግሊዝ ክሩዘሮች አስጥሞ ከ1,400 በላይ ሰዎች የገደለ ሰው። አሥሩ ትልልቅ መድፍ፣ ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ቀርቶ ድሬድኖት ጠላቷን ያጠፋችው እንደ ጥንቱ መቅዘፊያ መርከብ ገጭታ ነው። በ1921 ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠች።

ስሙ ግን አልተሸጠም። በጥቅምት 21 ቀን 1960፣ በትራፋልጋር ውጊያ መታሰቢያ ቀን፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ የእንግሊዝን የመጀመሪያዋን በኑክሌር ኃይል የምትሄድ ሰርጓጅ መርከብ መርቀው ወደ ውኃ አወረዱ። ስሟ ድሬድኖት ነው። ሰርጓጅ ያሰጠመችው ስሟን ለሰርጓጅ አወረሰች ማለት ነው። ዛሬም ባሮው በተባለ የእንግሊዝ ከተማ በመሠራት ላይ ያሉት አዲሶቹ ባለ ሚሳይል ሰርጓጆች በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከፊሸር ዘመን ድሬድኖቶች ውስጥ እስካሁን በሕይወት ያለችው የአሜሪካዋ ቴክሳስ ብቻ ናት፤ በ1914 አገልግሎት ጀምራ ዛሬ ሙዚየም ሆናለች።

ጊታሩስ? የጁትላንድ ውጊያ በሆነበት በ1916፣ ድሬድኖት የሚለው ቃል በየሰዉ አፍ ላይ ትልቅነትን ማለት በሆነበት ጊዜ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ናዝሬት በምትባል ከተማ ያለው የማርቲን ጊታር ፋብሪካ ለአንድ የቦስተን ሙዚቃ መደብር ከለመደው እጅግ የሰፋ ጊታር ሠራ። ሆዱ የሰፋው ድምፁ ዘፋኝን እንዲያጅብ፣ ከሰው ድምፅ ሥር ገብቶ እንዲሸከመው ነው። ስም ሲፈልጉለት በጊዜው ከነበረው ነገር ሁሉ ግዙፉን አሰቡ።

በነገራችን ላይ የጊታሩ ባለቤት የእህቴ ልጅ ዛሬ ማታ ልምምድ አለኝ ብላ በስድስት ሰዓት እንድመልስላት አስጠንቅቃኛለች። ሳልሄድ አንዴ ልድገመው።

(የጊታር ድምፅ)